የኋላ ሾክ ሞላ ስቀይር ያየሁት፦ ፕሪሎድ ማጥበቅ ሞላውን አያጠነክረውም

ከነሄልሜቴ ከነጃኬቴ ከነቦቴ ስመዘን 100 ኪሎ አካባቢ ነኝ፣ ሞተሬ ደግሞ አንድ የኋላ ሾክ ከነሊንኬጁ (ሾኩን ከኋላው ክንድ ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች) ያለው መካከለኛ ሞተር ነው። ፋብሪካ የሚያስገባው ሞላ ብዙ ጊዜ መካከለኛ ክብደት ላለውና ብቻውን ለሚነዳ ሰው ታስቦ ነው፣ እንደኔ ወፈር ያለ ወይ ዘወትር ሰውና ሻንጣ የሚጭን ሰው ሲነዳው ነገሩ ቀስ በቀስ ይታያል። ጉድጓድ ስመታ ኋላው ጥግ ድረስ ወርዶ ጓ ይላል፣ ኩርባ ላይ ጋዝ ስሰጥ ጭራው ቁጭ ይልና ፊቱ ቀለል ብሎ ሞተሩ ከመስመሩ ወደ ውጪ መውጣት ይፈልጋል፣ ማታ ደግሞ ሰው ጭኜ ስሄድ መብራቴ ወደ ላይ እያበራ ከፊት የሚመጣውን ሁሉ ያናድዳል።

ይሄን ለማንም ሞተር ነጂ ብትነግሩት መጀመሪያ የሚላችሁ "ፕሪሎዱን አጥብቀው" ነው፣ ማለትም ሾኩ ላይ ያለውን ቀለበት አዙረህ ሞላውን ቀድመህ ጨምቀው። አጠበቅኩት፣ ኋላው ከፍ አለ፣ መብራቱም ወረደ፣ ግን ትንንሽ እብጠት ላይ ወገቤን ይመታኝ ጀመር ትልቅ ጉድጓድ ላይ ደግሞ ያው ጓ ማለቱ አልቀረም። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ገብቶኝ ሞላውን እስክቀይር ያነበብኩትንና የለካሁትን ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳይለካ ሞላ ይገዛል ወይ ጭራሽ ሾኩን ሙሉ ይቀይራል።

መጀመሪያ ይሄ ይያዝ። የኔ የፋብሪካ ሞላ 90 ኒውተን በሚሊሜትር ነው፣ ማለትም አንድ ሚሊ ለመጨመቅ 90 ኒውተን (9 ኪሎ ገደማ) ይፈልጋል፣ ሁለተኛውን ሚሊ ለመጨመቅ ሌላ 90፣ እንደዛ እያለ ይቀጥላል። ቀለበቱን ብታጠብቁትም ብታላሉትም ሞላው 90 ነው። ፕሪሎድ የሚያደርገው ሞላውን ቀድሞ በመጨመቅ የሚነሳበትን ኃይል ከፍ ማድረግ ነው፣ በዛም ሞተሩ ከፍ ብሎ ይቆማል። ኋላው የወረደው ቀለበቱ ስለላላ ብቻ ከሆነ ፕሪሎድ ይፈታዋል፣ ሞላው ለክብደታችሁ ለስላሳ ከሆነ ግን ቁመቱን ያስተካክልላችኋል እንጂ ጥንካሬ አይጨምርላችሁም።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? በሳግ። ሳግ ማለት የሞተሩ ኋላ ከሙሉ ቁመቱ ስንት ሚሊ እንደሚወርድ ነው፣ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ሞተሩ ብቻውን ሲቆም የሚወርደው (ባዶ ሳግ ልበለው)፣ ሌላው እናንተ ስትቀመጡበት የሚወርደው። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ብቻ ለክቶ ይተወዋል፣ ወሬውን የሚናገረው ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ነው።

አለካኩ ሜትሮና ሁለት ረዳት ነው የሚፈልገው። ጭራው ላይ ከአክስሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያለ ቦታ ፕላስተር ለጥፋችሁ ምልክት አድርጉ፣ ከዛ የኋላው ጎማ አየር ላይ እንዲንጠለጠል አድርጋችሁ ከአክስሉ መሃል እስከ ምልክቱ ለኩ፣ ይሄ የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ሞተሩን መሬት አውርዳችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙትና ድጋሚ ለኩ፣ ከመጀመሪያው ሲቀነስ ባዶ ሳጉን ይሰጣችኋል። ከዛ የምትነዱበትን ልብስ በሙሉ ለብሳችሁ፣ ሻንጣ ዘወትር የምትይዙ ከሆነ እሱንም ጭናችሁ፣ ቁጭ በሉ፣ እግራችሁ መርገጫው ላይ ይሁን፣ አንዱ ረዳት ከፊት ይያዛችሁ ሌላው ይለካ። ብቻችሁን ሆናችሁ ተጎንብሳችሁ ለማንበብ ብትሞክሩ ክብደታችሁ ስለሚዞር ቁጥሩ ውሸት ይሆናል።

አንድ ነገር አትርሱ፣ ሾኩም ሊንኬጁም ፍሪክሽን ስላላቸው ሞተሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይቆምም። ጭራውን ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ ስትለቁትና ወደ ላይ ስባችሁ ቀስ ብላችሁ ስትለቁት የተለያየ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ የሁለቱን መሃል ውሰዱ። ልዩነቱ በጣም ከሰፋ ደግሞ የሊንኬጁ ኩሽኔታዎች ደርቀዋል ወይ ዝገዋል ማለት ሊሆን ይችላል፣ እሱን ሳታስተካክሉ ሞላ መምረጥ ዋጋ የለውም።

የኔ ሞተር ጎማው 150 ሚሊ ነው የሚጓዘው። ለአስፋልት ሞተር ሰው ሲቀመጥበት ከጉዞው 30 በመቶ አካባቢ እንዲወርድ ነው የሚፈለገው፣ ስለዚህ 45 ሚሊ ላይ እስኪመጣ ፕሪሎዱን አጠበቅኩ። (300 ሚሊ ገደማ የሚጓዝ የኢንዱሮ ወይ የሞቶክሮስ ሞተር ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ95 እስከ 105 ነው የሚባለው።) ባዶ ሳጉ ግን 2 ሚሊ ብቻ ሆነ! ለአስፋልት ከ5 እስከ 15 ቢሆን ነው ጥሩ፣ ለኢንዱሮ ከ30 እስከ 40።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚገለበጥበት። ባዶውን ሞተር ተጭናችሁት አልወርድ ካለ "ኧረ ይሄ ሞላ ደረቅ ነው" ነው የሚያሰኘው፣ ሀቁ ግን ተቃራኒው ነው። ሞላው ለስላሳ ስለሆነ እኔን 45 ሚሊ ላይ ለመያዝ ፕሪሎዱ በጣም መጥበቅ ነበረበት፣ በጣም ስለጠበቀ ደግሞ ባዶውን ሞተር ጥግ ድረስ ወደ ላይ ገፍቶ ያዘው። እናንተ ስትቀመጡ ሳጉ ትክክል ሆኖ ባዶ ሳጉ ካነሰ ሞላው ለስላሳ ነው፣ ባዶ ሳጉ ከበዛ ሞላው ጠንካራ ነው። ይሄን ሰው ደጋግሞ ያጣምመዋል፣ አንዳንድ መካኒክም ጭምር፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ አስቡት።

አሁን የስንት ሞላ ልግዛ የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ። ክብደትና የሞተር ዓይነት ስታስገቡ ቁጥር የሚሰጡ ሰንጠረዦች አሉ፣ መጥፎ አይደሉም፣ እኔ ግን ከራሴ ሳግ ማስላቱን መረጥኩ ምክንያቱም ሊንኬጁም የአቀማመጤም ሁኔታ እዛ ልኬት ውስጥ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እኔ ስቀመጥ ሞተሩ ከ2 ወደ 45 ወረደ፣ ማለትም የኔ ክብደት 43 ሚሊ አወረደው። እኔ የምፈልገው ደግሞ ከ10 ወደ 45 እንዲወርድ ነው፣ ማለትም 35 ሚሊ። ክብደቴ ያው ነው፣ ስለዚህ 90 × 43 ÷ 35 = 110 ገደማ። አለቀ። የሊንኬጁን ሬሾ እንኳን ማወቅ አያስፈልግም። ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ባዶ ሳጉ ዜሮ ከሆነ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነው ያለውና ስሌቱ ልክ አይመጣም፣ ፕሪሎዱን ትንሽ አላልታችሁ ሁለቱንም ድጋሚ ለኩ። ሁለተኛ ሊንኬጅ ሲወርድ እየጠነከረ ስለሚሄድ ውጤቱ ግምት ነው፣ ገበያ ላይ ያለውን ቅርብ ቁጥር ነው የምትይዙት እንጂ 110.57 የሚባል ሞላ አትፈልጉም።

ቁጥሩን ስትፈልጉ አሃዱ ያምታታችኋል። አንዱ በኒውተን በሚሊሜትር ይጽፋል፣ አንዱ በኪሎ በሚሊሜትር፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ በፓውንድ በኢንች። 1 ኪሎ በሚሊሜትር 9.8 ኒውተን በሚሊሜትር ነው ወይም 56 ፓውንድ በኢንች፣ 1 ኒውተን በሚሊሜትር ደግሞ 5.7 ፓውንድ በኢንች ነው። የኔ 110 ማለት 11.2 ኪሎ ወይም 628 ፓውንድ አካባቢ ነው። ሞላው ላይ የተጻፈውን ኮድ ስታዩ የትኛው ጥንካሬ የትኛው ርዝመት እንደሆነ ከሻጩ አጣሩ።

ጥንካሬው ብቻውን አይበቃም፣ ሞላው ሾኩ ላይ መግባት አለበት። የውስጥ ዲያሜትሩንና ሳይጨመቅ ያለውን ርዝመት ከድሮው ጋር አስተያዩ፣ ጫፎቹ የሚቀመጡበትንም ተመልከቱ። ትንሽ አጠር ያለ ቢሆን ቀለበቱ የሚወርድበት ጥርስ ካለ ችግር የለውም፣ ረጅም ከሆነ ግን ላይገባም ይችላል። ሌላው ሰው የማያየው ነገር፣ የሞላው ዙሮች እርስ በርስ ሳይነካኩ ስንት ሚሊ መጨመቅ ይችላል የሚለው ነው። የኔ ሾክ 60 ሚሊ ይጓዛል፣ ፕሪሎዱ 16 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሞላው ቢያንስ 76 ሚሊ መጨመቅ መቻል አለበት ትንሽ ትርፍም ይፈልጋል። ካልቻለ ሾኩ ጥግ ሳይደርስ ሞላው ብረት በብረት ይሆንና የሚሰበር ነገር ይሰበራል።

የድሮውን ሞላ አንድ ዙር ቆርጦ ማጠንከርም ሰዎች ይሉታል። እውነት ነው የሚሠሩት ዙሮች ሲያንሱ ሞላ ይጠነክራል፣ ግን ያጥራል፣ ጠፍጣፋ መቀመጫውንም ያጣል፣ ጎኑን ይዞ የሾኩን ዘንግ ያጣምማል፣ በግራይንደር ሲቆረጥ ደግሞ ብረቱ ይግላል። ለሕይወታችሁ አትጫወቱ። ፕሮግረሲቭ ስለሚባለው (መጀመሪያ ለስላሳ ከዛ እየጠነከረ የሚሄድ) ሲጠይቁኝ የኔ ምርጫ እኩል የሆነውን ነው፣ ሊንኬጅ ያለው ሞተር ራሱ እየጠነከረ ስለሚሄድ ድጋሚ መደረብ አይታየኝም፣ ደግሞ ከላይ ያለው ስሌት የሚሠራው ለእኩሉ ነው። ሊንኬጅ የሌለው ሁለት ሾክ ያለው ሞተር ላይ ግን ፕሮግረሲቭ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፣ እዛ ላይ ሁለቱንም ጎን እኩል ነው የምትቀይሩት፣ አንዱን ብቻ የሚባል ነገር የለም።

ሰው የመጫን ጉዳይም አለ። አንዳንዱ "በወር አንዴ ባለቤቴን ስለምጭን ለሁለት ሰው የሚሆን ልግዛ" ይላል፣ እኔ አልመክርም፣ ብዙውን ጊዜ ለምትነዱት ክብደት ምረጡና ሰው ሲጨመር ፕሪሎድ አጥብቁ፣ ፕሪሎድ በትክክል የተሠራው ለዚህ ነው። ዘወትር ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሌላ ነው፣ ያኔ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ለኩ።

ወደ መፍታቱ። ሞተሩን በሻንሲው አንጠልጥሉት፣ በክንዱ (ስዊንግ አርም በሚባለው) የሚደግፈውን የኋላ ማቆሚያ መጠቀም አይቻልም ምክንያቱም ሾኩ ሲወጣ ሞተሩ ቁጭ ይላል። መሃል ማቆሚያ ያለው ሞተር ዕድለኛ ነው፣ ፊቱን ግን እሰሩት። ከመፍታታችሁ በፊት የሪባውንዱን (ሾኩ ተጨምቆ ሲመለስ ፍጥነቱን የሚይዘውን) ማስተካከያ ቀስ ብላችሁ እስኪዘጋ አጥብቃችሁ ስንት ክሊክ እንደነበረ ጻፉ፣ መልሱት፣ የፕሪሎድ ቀለበቱ ላይ የሚታየውን ጥርስም ለኩ፣ ፎቶ አንሱ። የፕሪሎድ ቀለበቶቹን ሾኩ ሞተሩ ላይ እንዳለ ማግኘት ከቻላችሁ ቀድማችሁ አላሏቸው፣ እጅ ላይ ሾክ ይዞ የቆለፈ ቀለበት መፍታት አስቸጋሪ ነው። ጥርሱን በብሩሽ ጥረጉና ዘይት ንፉበት፣ ለቀለበቱ የተሠራውን መንጠቆ ቁልፍ ተጠቀሙ። በካቻቢቴና በመዶሻ እየመቱ የሚያዞሩት አሉ፣ አልሙኒየም ነው ጥርሱ ይበላሻል።

ከዛ የኋላውን ጎማ በእንጨት ደግፉት፣ ብሎኑ ላይ ጫና እስኪጠፋ ከፍ ዝቅ አድርጉት፣ ያኔ ብሎኑ በጣት ይወጣል። ብሎን በመዶሻ እየወጣ ከሆነ ቁመቱ ልክ አይደለም ማለት ነው። ሾኩ ወጣ። አሁን አደገኛው ክፍል። በኔ የድሮ ሞላ 24 ሚሊ ፕሪሎድ ነበር፣ 90 × 24 = 2160 ኒውተን፣ ማለትም ከ200 ኪሎ በላይ ኃይል ፊታችሁ ሊወነጨፍ ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል። ጥርስ ባለው ሾክ ላይ ቀለበቱን ጨርሳችሁ ስታላሉት ብዙ ጊዜ ሞላው ነጻ ይሆንና የታችኛውን መያዣ በእጅ አውጥታችሁ ሞላውን ታንሸራትታላችሁ። በደረጃ የሚዞር ማስተካከያ ያለው ሾክ ግን እስከ ዝቅተኛው ደረጃ ብታወርዱትም ሞላው ተጨምቆ ነው የሚቀረው፣ እዛ ላይ የሞላ መጭመቂያ ግዴታ ነው፣ ከሌላችሁ ላለው ሰው ስጡት፣ በገመድና በጉልበት አይሞከርም። የሾኩን አካል ራሱን ደግሞ አትክፈቱ፣ ውስጡ ናይትሮጅን በግፊት ታምቆ ነው ያለው፣ ሞላ ለመቀየር እሱን መንካት አያስፈልግም።

ሞላው ሲወጣ ዘንጉን አትቧጥጡት፣ ትንሽ ጭረት ዘይቱን የሚይዘውን ጎማ (ሲል የሚባለውን) ይበላና ዘይት ያፈሳል። ዘንጉ ላይ ያለውን የጎማ ስቶፐር እዩት፣ የተፈረካከሰ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው። ሾኩን ያለ ሞላ በእጅ ግፉት፣ እኩል ተቃውሞ ካልሰጠ ወይ ዘይት ካለበት አዲስ ሞላ ምንም አይጠቅመውም፣ ሰርቪስ ይፈልጋል። የሊንኬጁንም ኩሽኔታ አውጥታችሁ አጽዱና ግሪስ ቀቡ፣ ሁሉ ነገር ተፈቶ ሳለ መዝለል ስንፍና ነው።

አዲሱን ስታስገቡ የድሮው የጥርስ ልኬት ለሞላው አይሠራም፣ ርዝመቱ ይለያያላ። ሞላው ነጻ ሆኖ ያለውን ርዝመት ለኩ፣ ቀለበቱ ሳይጨምቀው እስኪነካው አጥብቁ፣ ከዛ በኋላ የምታጠብቁት እያንዳንዱ ሚሊ ፕሪሎድ ነው። ከ12 እስከ 15 ሚሊ ላይ ጀምሩና ሳጉ ይንገራችሁ። ቀለበቱ ሞላውን ይዞ እንዳይዞር መገናኛው ላይ ስስ ግሪስ ቀቡ። ብሎኖቹን በማኑዋሉ ቶርክ አጥብቁ፣ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ከሆነ አዲስ ተጠቀሙ። ሁለተኛው ቀለበት የመጀመሪያውን ለመቆለፍ ነው፣ እሱን ሳታጠብቁ እንዳትወጡ።

እኔ ጋ 16 ሚሊ ላይ ሲደርስ ባዶ ሳጉ 10 የኔ ሳግ 45 ሆነ፣ ስሌቱ ሊታመን በማይችል ሁኔታ ገጠመ ማለት ይቻላል። ሲለካልኝ የነበረው ጓደኛዬ አንድ ዙር ነድቶት መጣና "አንተ፣ ጠንካራ ሞላ አስገብተህ እንዴት ለሰለሰ?" አለኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። የድሮው በ2160 ኒውተን ነው የሚነሳው አዲሱ ግን 110 × 16 = 1760 ላይ፣ ስለዚህ ሾኩ ሙሉ ከተዘረጋበት ተነስቶ እኔ ስቀመጥ እስከሚወርድበት ቦታ ድረስ አዲሱ ይቀላል፣ ከዛ ወደታች ያለው ላይ ደግሞ ይከብዳል፣ ታችኛው ጥግ ላይ የድሮው 7560 ኒውተን ሲሆን አዲሱ 8360 ነው። እንደ በር መዝጊያ አስቡት፣ መጀመሪያ ለመክፈት የሚያስቸግር በርና እየተከፈተ ሲሄድ የሚከብድ በር ይለያያሉ። ትንንሹን እብጠት ጎማው አሁን ይከተለዋል፣ ትልቁ ጉድጓድ ላይ ጓ ማለቱ ቀርቷል።

ሪባውንድ ግን መነካት አለበት። ጠንካራ ሞላ ሲለቀቅ በበለጠ ኃይል ነው የሚመለሰው፣ የድሮው ልክ አይዘውም፣ መቀመጫውን ተጭናችሁ ስትለቁት ወደ ላይ ወጥቶ ከተወዛወዘ አንድ አንድ ክሊክ እያጠበቃችሁ ሞክሩ። ከ90 ወደ 110 ሲኬድ የሚያስፈልገው ጭማሪ በስሌት 10 በመቶ ገደማ ነው ስለዚህ ትንሽ ክሊክ ነው የሚበቃው፣ ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ደግሞ ተከታታይ እብጠት ላይ ለመመለስ ጊዜ አጥቶ እየወረደ እየወረደ ይሄዳል። ኮምፕሬሽኑን (ሾኩ ሲጨመቅ ፍጥነቱን የሚይዘውን) መጀመሪያ አትንኩት። የሪባውንድ ማስተካከያ የሌለው ቀላል ሾክ ከሆነና ጥንካሬውን ብዙ ከጨመራችሁ ኋላው እንደ ፈረስ ሊያነሳሳችሁ ይችላል፣ እዛ ላይ በአንድ ደረጃ ብቻ ጨምሩ ነው የምለው።

የኋላው ቁመት ሲቀየር ሌላውም ይቀየራል። ካቴናውን እንደገና ለኩ፣ ሞተሩ ከፍ ወይ ዝቅ ሲል ልላቱ ይለያያል። መብራቱን አስተካክሉ፣ የጎን ማቆሚያው ላይ ሲቆም በጣም ተጋድሞ ወይ በጣም ቀጥ ብሎ እንደሆነ እዩ። የፊቱም ሹካ ለስላሳ እንደነበር አሁን ነው የሚታወቃችሁ፣ ፍሬን ስትይዙ ፊቱ ሲሰምጥ ኋላው ስለማይከተለው ጎልቶ ይሰማል፣ የፊቱን ሳግ ለኩና የሱም ሞላ ክብደታችሁን ይችል እንደሆነ ተመልከቱ። ከመጀመሪያው ረዘም ያለ ጉዞ በኋላ ብሎኖቹንና መቆለፊያ ቀለበቱን በቁልፍ ነክታችሁ አረጋግጡ፣ አዲስ ሞላ ትንሽ ስለሚቀመጥ ሳጉንም ድጋሚ ለኩት፣ የድሮውን ሞላ ደግሞ ጥንካሬው ተጽፎበት ይቀመጥ፣ ሞተሩን ለቀለለ ሰው ስትሸጡት ይፈለጋል።